የከዲሮ ተራ

ዳኛ የሆንኩት መነጽር ስላለኝ ነው። ሌላ ምክንያት ነበረ የሚል ካለ ያኔ አሰላ አልነበረም ማለት ነው። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የቀበሌያችን ሕዝብ የፍርድ ሸንጎ አባላት እንዲመርጥ ሲሰበሰብ፣ ከኋላ አንድ ሰው «ልብስ ሰፊው ወልደሰንበት ይሁን፣ መነጽር አለው» አለ። እጅ ወጣ። መነጽሩን የገዛሁት የመርፌ ቀዳዳ ላይበት እንጂ ሕግ ላነብበት እንዳልሆነ ለማስረዳት ብነሳ «የሕዝብን አደራ መግፋት አድኃሪነት ነው» ተባልኩና ተቀመጥኩ። በዚያ ዘመን ቶሎ መቀመጥ የሚያውቅ ሰው ከብዙ ነገር ይድን ነበር።

ሁለተኛዋ ዳኛ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። አረቄ ሻጭ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰካራም ሲገላግሉ የኖሩ ሴት ስለሆኑ፣ የእሳቸው መመረጥ ከእኔ መነጽር የተሻለ ምክንያት ነበረው። ሰብሳቢያችን ጓድ በዛብህ የሚባል የሁሩታ ልጅ ነው። ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ተሰልፎ ካልቆመ የሚጨንቀው ዓይነት ነበር።

የሸንጎው ችግር የሚከሰስ ሰው ማጣቱ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አርሲዎቹም የራሳቸው ሽማግሌ አላቸው። እኛ ሦስታችን ሐሙስ ሐሙስ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንቀመጥና፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ያንቀላፋሉ፣ እኔ የሰው ኮሌታ እዘመዝማለሁ፣ በዛብህ በር በሩን ያያል። አንድ የባልና ሚስት ክስ መጥቶልን ደስ ብሎት ነበር፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ታረቁ። በዛብህ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ ሰነበተ። የጎረቤት ቀበሌ ሸንጎ እኮ ለአውራጃው የሚያቀርበው ሪፖርት ገጽ ሞልቶ ይተርፍ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በዛብህ ናዝሬት ለሴሚናር ተጠራ። ሁለት ሳምንት ተቀምጦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተምሮ መጣ። ሲሄድ የምናውቀው በዛብህ ነበር፤ ሲመለስ ግን ሻይ ሲያዝ እንኳ «ፈቃዴን ሰጥቻለሁ» ይላል።

በመጣ በሳምንቱ እሑድ የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ ለትምህርት ተጠራ። መቅረት የስኳር ራሽን ስለሚያስቀር ሰው ሁሉ መጣ። በዛብህ ቆሞ አራት ጣቱን ዘረጋ።

«አንድ ውል ውል እንዲባል አራት ነገር ይፈልጋል» አለ። «የተዋዋዮች ችሎታ፣ የተዋዋዮች ፈቃድ፣ ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ አራተኛ ፎርም። ፎርም ማለት ወረቀት ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ውሉ ፈራሽ ነው። የፈረሰ ውል ደግሞ እንዳልነበረ ይቆጠራል።»

ሰው ዝም አለ። ግማሹ ስኳሩን ያስባል። ይህ ዝምታ እንዳለ ቢያልቅ ኖሮ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን ወይዘሮ እታገኘሁ ተነሳች።

እታገኘሁ የሟቹ የአቶ ኃይለመስቀል ሚስት ናት። እኩያዬ ስለሆነች አንቺ ነው የምላት። ቤተሰቧ ከአያት ከቅድመ አያት አሰላ የተቀመጠ ነው፤ ቃሏ የማይታጠፍ፣ ግን ይህ የማይታጠፍ ቃሏ ሳይነገርላት ሲቀር የሚከፋት ሴት ናት። ኩራት የሌለበት ሰው የለም፤ የእሷ ኩራት በቃሏ ላይ ነበር።

«ይቅርታ ጓድ ሰብሳቢ» አለች። «ወረቀት የግድ ነው ያልከው ልክ አይመስለኝም። እኔ ላሜን ለከዲሮ በርቢ ስሰጥ ሳር ነው የያዝነው። ይኸው ሦስት ዓመታችን፣ አንድ ቃል ጎድሎ አያውቅም።»

የበዛብህ ዓይን በራ። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ብጎትት ደግ ነበር፤ ሩቅ ነበርኩ።

ርቢ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ላም ያለው ሰው፣ ሳርና ጉልበት ላለው ሰው ላሙን ይሰጣል። ባለቤትነቱ አይለወጥም። ወተቱን የሚያረባው ይጠጣል፤ ጥጃ ሲወለድ በተራ ነው፤ አንዱ የሰጪ፣ የሚቀጥለው የአርቢው። ከዲሮ በኦሮምኛ «ደባሬ» ይለዋል። አሰላና ዙሪያዋ በዚህ ስትኖር የቆየች አገር ናት።

የእታገኘሁ ላም ቡሬ ትባላለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ስዊድኖቹ ለእርሻ ልማት ካመጡት ዘር ያገኛት ጥቁርና ነጭ ክልስ ናት፤ ጡቷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። የከተማ ቦታ አዋጁ ወጥቶ ከቤቷ ጀርባ ያለው መስክ ትርፍ ቦታ ተብሎ ሲወሰድና የቀበሌው የጎመን እርሻ ሲሆን፣ ቡሬ የምትግጠው አጣች። ከዲሮ ከአሰላ በላይ በጭላሎ እግር የሚኖር ገበሬ ነው። ከብቶቹ በአንድ ክረምት በበሽታ አልቀውበት፣ አራት ልጆቹ በገብስ ቆሎ ነበር የሚያድጉት። ቅዳሜ ገበያ ተገናኙ፤ ሁለቱም ለቃላቸው ምልክት ሳር ነጭተው ያዙ፤ ተስማሙ። የመጀመሪያው ጥጃ ወይፈን ሆኖ የእታገኘሁ ተራ ነበረና ከዲሮ ራሱ እየነዳ አምጥቶ አስረከባት፤ መስክ ስለሌላት ሸጠችው። አሁን ቡሬ ዳግመኛ አርግዛለች። የዚህኛው ጥጃ ተራ የከዲሮ ነው። ከብቱ ካለቀ ወዲህ የራሱ የሚላት የመጀመሪያዋ ከብት እሷ ልትሆን ነው፤ ጥጃዋ ሳትወለድ ሚስቱ ስም አውጥታላታለች ተብሎ ገበያ ላይ ይሳቅ ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱም በመጥሪያ ቀረቡ። ከዲሮ በገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ እንጂ በእኛ ይዳኝ እንደሁ አላውቅም። ብጠይቅ በዛብህ «ላሟ የከተማ ተወላጅ ናት» አለኝ።

«ከሳሽ ማነው?» አለ በዛብህ።

እታገኘሁ ከዲሮን አየችው።

«ተከሳሽስ?»

ከዲሮ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየና እጁን አወጣ።

«በምን ተከሰህ ነው?» አልኩት እኔ።

«እንጃ። ሰው ከጠፋ ብዬ ነው።»

እታገኘሁ ተነስታ ክርክር እንደሌላቸው፣ ማንም ማንንም እንዳልበደለ ተናገረች። በዛብህ በትዕግሥት ሰማትና «ተዋዋዮች ክርክር ባይኖራቸውም ሕጉ ክርክር አለው» አለ። ቀጥሎ እዚህ ውል ውስጥ በዝባዥና ተበዝባዥ መለየት አለባቸው ብሎ እኛን ሁለታችንን ጠየቀን።

«ወተቱን ማነው የሚጠጣው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«ከዲሮ።»

«እንግዲያው በዝባዡ እሱ ነዋ።»

«ጓዲት፣ ጭቁን ገበሬ በዝባዥ ሊሆን አይችልም!»

«ታዲያ እሷስ? ለሴቶች ቀን የሴት ጭቆና ድርብ ነው ብለህ አልነበር እንዴ ያስጨበጨብከን?»

በዛብህ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ሁለቱም ተበዝብዘዋል ብሎ አስመዘገበ። በማን እንደተበዘበዙ አልተናገረም፤ የቀረችው ላሟ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወደ አራቱ ጣቶች ገባ። ችሎታ አላቸው ወይ? ሁለቱም ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው፣ አላበዱም፤ አለፈ። ፈቃድስ? ከዲሮን «ስትዋዋል ተገደህ ነው ወይስ በነጻ ፈቃድህ?» ብሎ ጠየቀው። ከዲሮ ጥያቄው ገርሞት «ላም ተሰጥቶኝ ልገደድ?» አለ። ጉዳዩም ላም ነውና ነውር የለበትም። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርስ የበዛብህ ፊት ፈካ።

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ሳር ነው የያዝነው» አለ ከዲሮ።

«ሳሩስ የት አለ?»

«ቡሬ በላችው።»

አዳራሹ ሳቀ። በዛብህ አልሳቀም። ማስረጃ ማጥፋት የሚለውን ቃል ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ወይዘሮ ጥሩነሽ እጁን ያዝ አደረጉት። ከዓመታት በኋላ አንድ የሕግ ሰው ሱሪ ሊያሰፋኝ መጥቶ ይህን ስነግረው፣ ሕጉ ለላም ወረቀት እንደማይጠይቅ፣ አራተኛው ነገር የሚያስፈልገው ሕጉ ራሱ ለይቶ ላዘዘው ውል ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። በዛብህ ያን ቀን ከሴሚናሩ ለምሳ ቀድሞ ወጥቶ መሆን አለበት።

«ይህ የሕግ ነጥብ ነው» አለን በዛብህ። «የሕግ ነጥብ የሰብሳቢው ነው። ድምፅ የሚሰጠው በፍሬ ነገር ላይ ብቻ ነው።» ከዚያ ተነስቶ ፈረደ። ውሉ ፈራሽ ነው። ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሱ። ላሟ ወደ እታገኘሁ፣ ከዲሮ ወደ ምንም።

ከዲሮ ወዲያው አልገባውም። «ጥጃዋስ?» አለ።

«የትኛዋ ጥጃ?»

«ሆዷ ውስጥ ያለችው። ተራዬ ነው።»

«ተራ የሚባል ነገር በሕግ የለም። የላም ፍሬ የላም ባለቤት ነው።»

ከዲሮ ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ፣ መልሶ አደረገ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እታገኘሁ ግን ተነሳች። «እኔ የዚህን ሰው ጥጃ ብወስድ በልቶ እንደካደ ሰው ነኝ። በዕድሜዬ ቃሌን በልቼ አላውቅም፤ አሁን በመንግሥት ትእዛዝ ልበላ ነው?» አለች። በዛብህ ቃል መብላት የሚባል ነገርም በሕግ እንደሌለ አስረዳት።

ወደነበሩበት መመለስ ሲባል ሁሉም ነገር ነው ብሎ የሦስት ዓመቱም ወተት ይመለስ አለ። የከዲሮ ልጆች የጠጡት ወተት ማለቱ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ አይናቸውን ገልጠው «ልጆቹን ያምጣቸውና እንለባቸው?» አሉ። የወተቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ቡሬ በሐምሌ ጭቃ ወደ ከተማ ወረደች። ከዲሮ ራሱ ነዳት። ለእታገኘሁ ሲያስረክብ ስለ ጥጃዋ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ጨው እንደምትወድና በግራ በኩል ሲያልቧት እንደምትራገጥ ብቻ ነገራት። እታገኘሁ ቤት ገብታ በር ዘጋች። እኔ ማምሻውን ብሄድ አልከፈተችልኝም።

አሁን ላሟ ወደነበረችበት ተመልሳለች፤ የነበረችበት መስክ ግን ወደነበረበት አልተመለሰም። የእታገኘሁ ግቢ ላም ሲቆምበት ሰው የማያሳልፍ ነው። ቡሬ ሁለት ቀን ታገሰች። በሦስተኛው አጥሩን በደረቷ ገፋ አድርጋ ከጥጃነቷ የምታውቀው መስክ ውስጥ ገባች፤ የቀበሌው ጎመን ላይ ማለት ነው። ጥበቃዎቹ ደርሰው ሲያወጧት ሁለት መደብ ጨርሳ ሦስተኛው ላይ ነበረች። በዚያው እበቷንም በደንብ ጥላበት ነበር።

በዛብህ ይናደዳል ብዬ ነበር፤ ደስ አለው። «ከውል ውጭ ኃላፊነት!» አለኝ ሱቄ ድረስ መጥቶ። «እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ጋሽ ወልደሰንበት፣ ሁለተኛ መዝገብ ተከፈተ!» እታገኘሁ ጎመኑን እንድትከፍል መጥሪያ ደረሳት።

መጥሪያው በደረሳት ቅዳሜ ቡሬ ገመዷን በጠሰች። ይህን ያላየ የአሰላ ሰው የለም። የገበያ ቀን ነው፤ በቀትር ነው። በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል፣ ጋሪዎቹን እያሳለፈች፣ ነዳጅ ማደያውን አልፋ ሆዷን እያወዛወዘች ወደ ጭላሎ ወጣች። አንዱ ጋሪ ነጂ ሌላውን «ወዴት ነው ይቺ?» ቢለው «ወደ ቤቷ ነዋ» አለው። ማንም ገመዷን አልያዘም።

እታገኘሁ ስትሰማ እርጉዝ ላም ጫካ ብታድር ጅብ ይበላታል ብላ ደነገጠች። መቀነቷን አጥብቃ፣ ዱላ ይዛ ልትከተላት ወጣች። በቀበሌው በር ስታልፍ በዛብህ አያት።

«ፈልጊያት፣ ፈልጊያት!» አላት። «ጎመኑ ሳይከፈል ላሟ ብትጠፋ ዋ! ራስሽንም ይጎዳሻል። የተማረ ሰው ስለሆንኩ ልምከርሽ፤ ያመለጠ እንስሳ ባለቤቱ ወር ሙሉ ሳይፈልገው ቢቀር ባለቤት የሌለው ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የያዘው የራሱ ነው። ቀበሌያችን ደግሞ ላም አይጠላም።»

እታገኘሁ ቆመች። «እስቲ ድገምልኝ» አለችው።

በዛብህ እስከዚያ ቀን ድገምልኝ ያለው ተማሪ አልነበረም። በደስታ ደገመላት። ባለቤት መፈለግ ካቆመ፣ ወር ካለፈ፣ ቀድሞ የያዘ። እታገኘሁ አመሰገነችው። መቀነቷን ፈታች፣ ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈች፣ ወደ ሱቄ መጥታ ከስፌት መኪናዬ ጎን ተቀመጠች።

«ወልደሰንበት፣ ላሜን መፈለግ ትቻለሁ» አለች።

«ጅብ ቢበላትስ?»

«ቡሬ ቤቷን ታውቃለች።»

ነገሩ ሲገባኝ መኪናዬን አቆምኩ። ባሏ የተወላት ንብረት ይህች ላም ብቻ ነበረች። ወርም ካለፈ ከዲሮ የጥጃዋ ብቻ ሳይሆን የላሟም ባለቤት ይሆናል፤ እሷ እንደኔ ባዶ እጇን ትቀራለች። ይህን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «የሰው ጥጃ በልታ ሞተች ከምባል ላሜን ልጣ።» እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም፤ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ያ ወር አሰላ በሙሉ ላም ያለመፈለግ ሥራ ላይ ነበረች። በዛብህ በሳምንቱ «እየፈለግሽ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ወገቤን አሞኛል ትለዋለች። ደስ እያለው ይሄዳል። ለቀበሌው መሥሪያ ቤት የሚደርሰውን ወተት ለማን ለማን እንደሚያድል ማሰብ ጀምሮ ነበር። ከዲሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ገብሱን ሊሸጥ ይመጣል፤ ቡሬን አይተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። አንድ ቅዳሜ በእታገኘሁ ደጅ ሲያልፍ «አዴ፣ ሰላም ነው። ሴት ናት» ብሎ ሄደ። አዴ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። እታገኘሁ ተከትላው ወጥታ፣ ሸንጎ ፊት ከተጠራ «ላሟ የኔ ናት» እንዲል፣ ከዚያ በቀር ምንም እንዳይናገር መከረችው። «ኤዬ» አላት። ኤዬ ማለት እሺ ነው፤ ሰምቻለሁ ማለትም ይሆናል።

ወሩ አለቀ። በዛብህ ጥበቃዎች ወደ ላይ ላከ። ላሟን የት እንዳገኟት ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የከዲሮ ጎጆ ውስጥ፣ በቦታዋ ቆማ፣ ጥጃዋን እያጠባች። ሁሉንም ነድተው አመጡ፤ ላም፣ ጥጃ፣ ከዲሮ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። በዛብህ ከዲሮን በአብዮቱ ስም አስማለው። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ በአላህ ቢያስምለው ኖሮ ከዲሮ አይዋሽም፤ በአብዮቱ ስም ግን ቢዋሽ አላህም የሚቆጣ አይመስለኝም ነበር።

«ይህች ላም ባለቤት የሌላት ሆናለች» አለ በዛብህ። «ከወር በኋላ በእጅህ ተገኝታለች። የራሴ ናት ብለህ ነው የያዝካት?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አዎ ቢል ላሟም ጥጃዋም የእሱ ናቸው፤ በዛብህ ከገዛ ሕጉ ሊወጣ አይችልም። እታገኘሁ በከንፈሯ በል፣ በል ትለዋለች።

ከዲሮ ባርኔጣውን አወለቀ። «አይደለም» አለ። «ላሟ የአዴ እታገኘሁ ናት። የኔ ጥጃዋ ናት። ተራዬ ነው።»

አዳራሹ አቃሰተ። እታገኘሁ ብድግ አለች። «የኔ አይደለችም! አልፈለግኳትም፣ ወር አልፏል። የእሱ ናት!»

«የእሳቸው ናት» አለ ከዲሮ፣ አይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«የእሱ ናት አልኩ!»

በዛብህ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እሱ አየ። ሴሚናሩ ላይ ላም የኔ ናት የኔ ናት ለሚሉ ሰዎች ነበር ያስተማሩት። ትንሽ ተወዛገበና መውጫ አገኘ። «መልካም! እሷ ትታታለች። እሱ የራሴ ብሎ አልያዛትም። እንግዲህ ባለቤት የላትም፣ የሕዝብ ናት» አለ። ጥበቃው ገመዷን ለመያዝ ወደ በሩ ተራመደ። ከዲሮ አሁንም አንድ ቃል ቢናገር ይድናል፤ አልተናገረም። እኔ የማላውቀው ዓይነት ንዴት ያዘኝ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልለየሁትም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«ጌታ የላትም ትላለህ» አሉት። «ይኸው ሁለት ጌታ ቆመውልህ የለም እንዴ? አንዱ ለሌላው ይሰጣል እንጂ የጠፋ ጌታ የለም። ከዲሮ፣ ጥጃዋ የኔ ናት ብለሃል?»

«ኤዬ። ተራዬ ነው።»

«እታገኘሁ፣ ጥጃዋ የማን ናት?»

«የእሱ።»

«በዛብህ፣ ጥጃዋ የማን መሆኗ የሕግ ነጥብ ነው ወይስ ያ ሌላው?»

በዛብህ ሳያስበው «ፍሬ ነገር ነው» አለ። እውቀት የያዘው ሰው ጥያቄ ሲያገኝ ዝም ማለት አይችልም።

«በል እንግዲያው ድምፅ ይሰጥ። ጥጃዋ የከዲሮ ናት የምትሉ።» እጃቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ፤ እንዲያውም መነጽሬን አስተካክዬ አወጣሁ። ሁለት ለአንድ። «የምትጠባ ጥጃ ከእናቷ አትለይም፤ ይህንንም ሕግ ካልከው ሂድና ጥጃዋን ጠይቃት። ስለዚህ ላሟ ከጥጃዋ ጋር ወደ ላይ ትመለስ። ጥጃዋ መጥባት ስታቆም የሚቀጥለው ጥጃ የእታገኘሁ ነው፤ ከዚያ የእሱ፤ እንዲህ እያለ ይሂድ። ወልደሰንበት?»

«እስማማለሁ» አልኩ።

«ጎመኑስ!» አለ በዛብህ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«እበቷ የጎመኑን ዋጋ ከፍሏል። ዕዳ እርስ በርስ ሲጠፋፋ ምን ነበር ያልከን? ያ እሑድ?»

«ማቻቻል» አለ በዛብህ በዝግታ።

«እሱን ጻፍ።»

አብላጫ ድምፅ ይገዛል ብሎ ያስተማረን ራሱ ነው። ተቀምጦ ጻፈ፤ ላሟንም፣ ወተቱንም፣ ተራውንም አንድ በአንድ። ፈረመ፣ እኛም ፈረምን፣ ማኅተም መታበት። በዛብህ ተዋረደ ብላችሁ አትዘኑለት። በወሩ መጨረሻ ለአውራጃው ከአንዲት ላም አራት መዝገብ አቀረበ፤ የውል መፍረስ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ባለቤት የሌለው ነገር፣ ማቻቻል። ሸንጓችን ምስጉን ተባለ፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው ወደ ላይ አደገ።

ያን ሐሙስ ከአዳራሹ ስንወጣ እታገኘሁና ከዲሮ ከቡሬ ጎን ቆመው ጠበቁኝ። ወረቀቱን አንብብልኝ አሉኝ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ከዲሮ በጥሞና ሰማና ወደ እታገኘሁ ዞሮ «ይህንኑ አይደል እንዴ ገበያ ላይ ያልነው?» አላት።

«ይህንኑ ነው» አለች።

ወረቀቱን ለእሷ ብሰጥ ለእሱ ይሁን አለች። ለእሱ ብሰጥ እጁን ወደ ኋላ ሳበ። ማኅተሙን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እስከ ዛሬ የሚጠፋ ነገር አልነበረንም። ይሄ የጠፋ ቀን ምን ልንሆን ነው?»

ሁለቱም እምቢ ስላሉ ወረቀቱን እኔው ኪሴ ከተትኩ። ከዲሮ ጥጃዋን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ቡሬ ተከተለችው፣ እታገኘሁ እስከ ነዳጅ ማደያው ሸኘቻቸው።